የቧንቧ ዝገትና የመሬት ሽቦ

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል ለእሳት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ በመሬት ውስጥ ተሰውሮ ብረትን ለሚበላው ዝገትም ይስማማል።

የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል ብዛት ብዙ ሲነገር እንሰማለን። ይሁን እንጂ ኃይሉ ሆሳዕናን፣ ሆመቾንና ሌሎችንም ከተሞች ሲያገለግል በየመሥሪያ ቤቱ እንዴት ይያዛል የሚለው ጥያቄ ከዚያ ያላነሰ ክብደት አለው። ዛሬ የዚህን ጥያቄ አንድ ክፍል ለወጣት አንባብያን ለማቅረብ ወደድን።

የነገሩን ጠባይ አስቀድማ ያሳየች መርከብ ናት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1761 ዓ.ም. የእንግሊዝ ባሕር ኃይል «አላርም» የተባለችውን መርከብ ሆድ በመዳብ ለበጠው። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ሲመረመር መዳቡን የያዙት የብረት ምስማሮች ተበልተው ተገኙ፤ በመካከል ወረቀት የገባላቸው ግን ደኅና ነበሩ። ይኸውም ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች ተነካክተው በእርጥበት ውስጥ ሲቀመጡ እንደ ባትሪ ድንጋይ ስለሚሆኑና ደካማው ስለሚበላ ነው። በ1824 ዓ.ም. ሰር ሐምፍሪ ዴቪ ይህንኑ ጠባይ ለጥቅም አዋለው፤ ዛሬም በመርከብ ሆድ ላይ የሚታሰረው ዚንክ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያድናል።

ጀልባ ወደብ ላይ ቆሞ ከየብስ ኤሌክትሪክ ሲወስድ ደግሞ የመሬት ሽቦው ከጎረቤቶቹ ጀልባዎች ጋር ያገናኘዋል። ስለዚህ ዚንኩ ለሌላው ጀልባ ሲል ያልቃል።

ሆመቾ ከባሕር የራቀች ናት፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። ዚንክ የተቀባ የውኃ ቧንቧና የመዳብ የመሬት ዘንግ በእርጥብ አፈር ተቀብረው በሽቦ ሲገናኙ፣ በመጀመሪያ የቧንቧው ዚንክ፣ ቀጥሎም ብረቱ ይበላል።

ታዲያ «ሽቦው ቢቆረጥ ዝገቱ ይቀራል» የሚል ሰው ቢነሣ ንግግሩ እውነት ይመስላል። ምክሩ ግን ገዳይ ነው። ዝገቱን የሚያመጣው ግፊት አንድ ቮልት እንኳ አይሞላም፤ ሽቦው የሚጠብቀን ግን ከ220 ቮልት አደጋ ነው። ብረትን ለማዳን ሰውን ለሞት ማጋለጥ ጥበብ አይባልም።

መድኃኒቱ ሌላ ነው። በጀልባ ላይ ትንሹን ግፊት አግዶ የአደጋውን ኃይል ወደ መሬት የሚያሳልፍ መሣሪያ በመሬት ሽቦው ላይ ይገባል። በቤት ደግሞ ከቧንቧው ጋር የሚስማማ ዚንክ የተቀባ የመሬት ዘንግ መምረጥ፣ መዳብና ብረት በሚጋጠሙበትም ቦታ በመካከል ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ማያያዣ ማግባት ይቻላል፤ ይህም የሠለጠነ የኤሌክትሪክ ባለሙያ እየለካ የሚሠራው ነው።

እንግዲህ አዲስ ሕንፃ የሚረከብ ወጣት ሹም ቀለምና በር ብቻ አይቶ አይፈርም። በአፈር የተቀበረው ምን ዓይነት ብረት ነው? የመሬት ሽቦውስ ተለክቷል? ብሎ ይጠይቅ። ጥያቄው ዛሬ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሳይጠየቅ ቢቀር ግን ነገ ቧንቧን፣ ከዚያም አልፎ ሕይወትን ያስከፍላል።