ስም ያልተጻፈበት ስጦታ

የካቲት 18 ቀን 2016 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስ የሚገኘው የአልበርት አይንስታይን የሕክምና ኮሌጅ ተማሪዎች በአዳራሽ ተሰብስበው ሳለ፥ የ93 ዓመት አዛውንት የሆኑ አንዲት መምህርት ተነሥተው ከሚመጣው ነሐሴ ጀምሮ በዚህ ኮሌጅ የትምህርት ክፍያ እንደማይኖር አስታወቁ። አዳራሹ በጩኸትና በጭብጨባ ተናወጠ፤ ያለቀሱም ነበሩ።

እኒህ ሴት ዶክተር ሩት ጎትስማን ይባላሉ። የሰጡትም 1 ቢልዮን ዶላር ነው። ወደ ኮሌጁ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፥ ሥራቸው ንባብና ጽሕፈት የሚያስቸግራቸውን ልጆች መርምሮ መርዳት ነበር፤ በ1992 ደግሞ ማንበብ ሳይችሉ ለአደጉ ሰዎች የንባብ ትምህርት አቋቋሙ። ገንዘቡ ከመምህርነት ደመወዝ የተጠራቀመ እንዳይመስለን። ባለቤታቸው በ2022 ሲሞቱ የተዉላቸው የበርክሻየር ሃታዌይ አክሲዮን ነው፤ አደራውም ትክክል መስሎ በታያቸው ነገር ላይ እንዲያውሉት ብቻ ነበር። ሀብቱ የባል፥ ምርጫው ግን የመምህርቲቱ ነው። ብዙ ዘመን ከተማሪ ጋራ የኖረ ሰው ተማሪን የሚያስጨንቀው ምን እንደ ሆነ ያውቃልና።

የዚያ ኮሌጅ ክፍያ በዓመት ከ59,000 ዶላር በላይ ነበር፤ ከተማሪዎቹም ግማሽ ያህሉ ከ200,000 ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክመው ይወጡ ነበር። ባለዕዳ ሐኪም ደግሞ ቢወድም ባይወድም ደመወዝ ወደሚበዛበት ያዘነብላል። ብሮንክስ ግን በኒው ዮርክ ግዛት ድህነት ከበዛባቸው ሥፍራዎች አንዷ ናት፤ የምትፈልገውም በደጃፏ ተምሮ እዚያው የሚያክም ሰው ነው። እንግዲህ የስጦታው ትልቅነት በቁጥሩ ብዛት ሳይሆን፥ ተማሪው ነገ የሚያገለግለውን ሕዝብ በነፃነት እንዲመርጥ በማድረጉ ነው።

ይሁን እንጂ አድናቆታችን ዓይናችንን አይጋርደው። በዚያው አገር ይህን ዕድል ያላገኙ የሕክምና ተማሪዎች እልፍ ናቸው። የአንድ ሰው ደግነት የሚያስመሰግን ነው፤ ትምህርትን ሁሉ በአንድ ሰው ደግነት ላይ ማቆም ግን ያለ መሠረት ቤት መሥራት ነው። የመንግሥትንና የሕዝብን ግዴታ ባለጸጋ ሊወጣው አይችልም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ግን ሌላ ነው። ዶክተር ጎትስማን ገንዘቡን የሰጡት የኮሌጁ ስም በስማቸው እንዳይለወጥ አስጠንቅቀው ነው። እኛም በዚህ ረገድ የምናስታውሰው አለን። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርስቲ ሰጡ፥ ዩኒቨርስቲውም በስማቸው ተጠራ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ስሙ ተፋቀ፤ ግቢው ግን ይኸው እስከ ዛሬ በስድስት ኪሎ ተማሪ ይመላለስበታል። ስም ያልፋል፥ ለትምህርት የዋለ ነገር ግን ይኖራል።

እኛስ? በአገራችን ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት ደንብ ስላለ ተመራቂው ከገቢው ለመንግሥት ይመልሳል። ነገር ግን በአጠገባችን ተቀምጦ ለጽሑፍ ማባዣ፥ ለሳሙና፥ ወደ አገር ቤት ለመሳፈሪያ ላጣው ጓደኛችን ያ ደንብ አይደርስለትም። ከመካከላችን ቢልዮን ያለው የለም፤ ዳሩ ግን ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለኀምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን መዝገብ ይክፈት እንላለን። ከዘንድሮ ተመራቂዎች ጀምሮ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ በየዓመቱ የአንድ ቀን ደመወዙን ይስጥ፤ መምህራኖቻችንም ቢፈቅዱ ይጨመሩበት። ሒሳቡን ከመምህራንና ከተማሪዎች የተውጣጣ ኮሚቴ ይያዘው፥ ገቢና ወጪውም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የሰጪው ስም ግን አይለጠፍ፥ የተቀባዩም ስም አይለጠፍ፤ ሰጪው እንዳይታበይ፥ ተቀባዩም አንገቱን እንዳይደፋ።

መዝገቡ ሲከፈት የመጀመሪያውን ገጽ የምንሞላ እኛ የዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች እንሆናለን።