ያለ ድምፅ ማጉያ የኖረች ድምፃዊት

የዚህ እትም ዋና ባለታሪክ ፊንላንዳዊቷ የኦፔራ ድምፃዊት አይኖ አክቴ ናት። እ.ኤ.አ. በ1876 ሄልሲንኪ ውስጥ ከድምፃዊት እናት ተወለደች። በፓሪስ ኦፔራ «ፋውስት» በተባለው ኦፔራ የማርገሪትን ሚና ይዛ መድረክ ስትወጣ ገና 21 ዓመቷ ነበር። ኋላም ኒው ዮርክና ለንደን ሰሟት፤ የሙዚቃ ደራሲው ሲቤሊየስም «ሉኦኖታር» የተባለውን ሥራ ለእሷ ድምፅ ደረሰላት።

አዘጋጁን ከዝናዋ ይልቅ የማረከው ግን ወደ አገሯ መመለሷ ነው። ፊንላንድ በሩሲያ ዛር ሥር ሳለች፣ በ1912 በሳቮንሊና ከተማ፣ በሐይቅ በተከበበው የኦላቪንሊና ግንብ ውስጥ የኦፔራ ፌስቲቫል አስጀመረች። ከዋና ከተማው ርቆ በሚገኝ ትንሽ ከተማ! ፌስቲቫሉ ለረጅም ዓመታት ቢቋረጥም በ1967 ዳግም ተጀምሮ ዛሬም በየበጋው ይካሄዳል።

አክቴ የዘፈነችው ያለ ድምፅ ማጉያ ነበር፤ የነገሌ ቦረናና የቆላው ከተሞች አንባቢዎችም ድምፅ ያለ ማጉያ የሚሠራውን ያውቃሉ። በቦረና ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ በዜማ እየተቀባበሉ ለከብቶቻቸው ውኃ ያወጣሉ። እንዲህ ያለው ዜማ በአገሩ መድረክ ሊያገኝ ይገባዋል፤ የአክቴ ታሪክ በዚህ እትም የወጣውም ለዚሁ ነው።