ለሕፃን ቀለምን ስለ ማስለመድ

በቋንቋችን ቀለም የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። ጸሐፊ ብርዑን የሚያጠቅስበት ቀለም ይባላል፤ ተማሪ ከመምህሩ የሚቀበለው ትምህርት ቀለም ይባላል፤ ቀይና ጥቁር፣ ቢጫና አረንጓዴም ቀለም ይባላሉ። ከሦስቱ ሁሉ ቀድሞ ለሕፃን የሚደርሰው ይህ የመጨረሻው ነው። አስተማሪዎቹም እናትና አባት ስለ ሆኑ፣ በዚህ ወር ስለ እርሱ ጥቂት ቃል ለመናገር አሰብን።

ብዙ ወላጆች ድመትንና ውሻን ፈጥኖ የለየ ልጅ ቀይንና ቢጫን ሲያደባልቅ ባዩ ጊዜ ይደነቃሉ፤ አንዳንዶቹም ይቆጣሉ። ነገር ግን ድመት ብቻዋን ትታያለች፤ ቀይ ግን በበርበሬ ወይም በጥለት ወይም በአበባ ላይ አድሮ ይታያል እንጂ ብቻውን ቆሞ አይገኝም። ታዲያ ሕፃኑ ቀይ የሚለውን ቃል በሰማ ጊዜ የነገሩ ስም ይሁን ወይም የመልኩ በምን ያውቃል? በዚህም ላይ እኛ ታላላቆቹ ነገሩን እናከብድበታለን። ቀይ ሽንኩርት የምንለው ልጣጩ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፤ ቀይ ጤፍ የምንለው ቡናማ ነው፤ ቀይ ሰው የምንለውም በርበሬን አይመስልም። እንግዲህ ሕፃኑ ቢሳሳት ስንፍና ነው ልንለው አይገባም።

ስለዚህ ዋናው ብልሃት ቀለሙን ከነገሩ ለይቶ ማሳየት ነው። በአዊ አገር ለሚኖር ቤተ ሰብ ለዚህ የሚሆን ምሳሌ ከደጁ አይጠፋም። አስቀድሞ አንዱ ነገር በብዙ ቀለም ይታይ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በእንጅባራ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፣ ልጁን በትከሻው የተሸከመ አባት ነጩን፣ ጥቁሩን፣ ግራጫውን፣ ዳማውን እያመለከተ ቢያሳየው፣ ሁሉም ፈረስ ሆኖ ሳለ መልኩ ልዩ ልዩ መሆኑን ልጁ በዓይኑ ይረዳዋል። ቀጥሎም አንዱ ቀለም በብዙ ነገር ይታይ። በመስከረም አደይ አበባ በፈካ ጊዜ፣ ቢጫነቱን ከኑግ አበባና ከእርድ፣ ከእንቁላልም አስኳል ጋር ማስተያየት ይቻላል። በመጨረሻም መልኩን የሚለውጥ ነገር ይታይ። ጓሮ ያለው ቃሪያ ሲበስል ይቀላል፤ በእንጅባራ ወንበርና አልጋ የሚሠራበት ቀርከሃም ለጋ ሳለ አረንጓዴ ሆኖ ሲደርቅ ወደ ቢጫነት ይሄዳል።

የአነጋገራችንም ሥርዓት ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሁለት ዓመት ሕፃናት ላይ ያደረጉትን ጥናት ገልጸው ነበር። በዚያም ነገሩን አስቀድሞ ቀለሙን ማስከተል ልጆቹን ይበልጥ እንደሚረዳ ታየ። ጥናቱ የተደረገው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ለእኛም የሚሞከር ነው። «ቀዩን ኳስ አየህ?» ከማለት ይልቅ «ኳሱን አየህ? ኳሱ ቀይ ነው» ብንል፣ ዓይኑ አስቀድሞ ከነገሩ ላይ ካረፈ በኋላ መልኩን ይፈልጋል።

ትምህርቱም በደረጃ ይሁን። በመጀመሪያ እጅግ የሚለያዩ ሁለት ቀለሞች ብቻ ይበቃሉ። ሕፃኑ ተመሳሳዩን ከተመሳሳዩ ጋር ያኑር፤ ቀጥሎ «ቢጫውን አምጣልኝ» ሲባል ያምጣ፤ ስሙን መጥራት የኋላ ኋላ ይመጣል። ብዙ ልጆች ዋና ዋናዎቹን ቀለሞች በስማቸው የሚጠሩት በ3 እና በ4 ዓመት መካከል ነው። በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ ከእናቱ አዊኛ፣ ከገበያው ዐማርኛ የሚሰማ ልጅ ቢኖር፣ እናቲቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ከማስተማር አትፈር። መልኩን በአንዱ ቋንቋ የለየ ዓይን፣ በሌላው የሚቀረው ስሙን መማር ብቻ ነው።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን እንናገር። በአንድ ትምህርት ቤት ቅጠልን በቡናማ እርሳስ የቀባ የ8 ዓመት ልጅ፣ በመምህሩ ላይ እንደ ቀለደ ተቈጥሮ ሲገረፍ አይተናል። ልጁ ግን አልቀለደም፤ ሁለቱ እርሳሶች ለእርሱ አንድ ነበሩ። ቀይንና አረንጓዴን አጥርቶ ያለመለየት ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ በትውልድ የሚመጣ ነው። እናት ራሷ ሳይታይባት ለወንድ ልጇ ታወርሰዋለችና፣ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ይበዛል። ዘራቸው ከአውሮፓ ከሆነ ወንዶች ከ12ቱ አንድ ያህሉ እንዲህ ነው፤ ባገራችንም አለ። ይህንን ጉድለት ከራሱ ዓይን ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1794 ያስረዳው እንግሊዛዊው ጆን ዳልተን፣ ኋላ ስመ ጥር የኬሚስትሪ ሊቅ ሆኗል። እንግዲህ የአእምሮ ድካም አለመሆኑ የታወቀ ነው።

ስለዚህ ለትምህርት የደረሰ ልጅ ቀዩን በርበሬ ከአረንጓዴው ቃሪያ በመልኩ መለየት ቢሳነው፣ ወይም በብራና መጽሐፍ በቀይ የተጻፈውን ቅዱስ ስም ከጥቁሩ ጽሕፈት ባይለይ፣ አለንጋ ከማንሣት በፊት ዓይኑ ይመርመር። የእናቱ አባት ወይም ወንድሟ እንዲህ እንደ ነበረ ይጠየቅ። የዓይን ሐኪም፣ ጃፓናዊው ኢሺሃራ እ.ኤ.አ. በ1917 ባወጣው የነጠብጣብ ሥዕል በጥቂት ደቂቃ ሊመረምረው ይችላል። በትውልድ የመጣውን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን በሐኪም ቤት አይሰጥም። ነገር ግን መምህሩ አስቀድሞ ቢነገረው፣ እርሳሶቹም ስማቸው ቢጻፍባቸው፣ ልጁ ከጓደኞቹ ሳያንስ ይማራል።

ወላጆች ሆይ፣ ቀለም ማስተማር ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ልጁ ሲሳሳት ትክክለኛውን ቃል በለዘበ ድምፅ ደግማችሁ ንገሩት፤ ደጋግሞም ሲሳሳት፣ ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት እርሱ የሚያየው ምን እንደ ሆነ ጠይቁት።