የእጅ ሰዓትና የልብ ምት

የልብ ምት የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ዛሬ በብዙ ወጣቶች እጅ ላይ እናያለን። ሰዓቱ ግን ልብን አያደምጥም፤ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይልክና በደሙ መጠን የሚለዋወጠውን ነጸብራቅ ይቆጥራል። እጅ ሲወዛወዝ፣ ክብደት ስናነሳም ጡንቻ ሲወጠር፣ ቁጥሩ ሊዛባ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 7 መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ሲፈትኑ፣ ስህተቱ በብስክሌት ላይ ዝቅተኛ፣ በእግር ጉዞ ላይ ከፍተኛ ሆነ። እኛ ተቃራኒውን ነበር የጠበቅነው! ለካ ብስክሌት ላይ እጅ መሪውን ይዞ ያርፋል። የልብን ኤሌክትሪክ የሚለካው የደረት ቀበቶ ይበልጥ ይታመናል። ሐኪም «የልብ ምትዎ ከዚህ አይለፍ» ያላቸው አባት በቤታችን ካሉ፣ በሰዓቱ ብቻ አንተማመን። እንቅስቃሴውን እንዳቆሙ ወዲያው ሁለት ጣታችንን ከአውራ ጣታቸው በታች፣ አንጓቸው ላይ አሳርፈን ለ15 ሴኮንድ እንቁጠርና በ4 እናባዛው።