ካህን ያጣች ቤተ ክርስቲያን

ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት ድንጋይና እንጨት፥ ለጣራዋም ቆርቆሮ ይበቃል። ቅዳሴ ለመቀደስ ግን ሰው ያስፈልጋል፤ ሰውም አንድ ብቻ አይበቃም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቅዳሴ የሚገባው ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ሲገኙ ነው። እንግዲህ አንባቢው ልጅ በጣቱ ይቍጠር፤ በአንድ የገጠር አጥቢያ አንድ ሽማግሌ ቄስና አንድ ዲያቆን ብቻ ቢኖሩ፥ ስንት ይጐድላል? ሦስት ይጐድላል። ስለዚህ እሑድ ደወሉ ይደወላል እንጂ ቅዳሴው አይገባም።

ይህ ችግር በአሶሳና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ገጠር ይጸናል። አገሩ አብዛኛው ቆላ ነው፤ መንደር ከመንደር ይራራቃል፤ በክረምትም ዳቡስና ሌሎቹ ወንዞች ይሞላሉ። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ካህን በአቅራቢያዋ የሌላት እናት ግን ቀኑ ቢደርስም ሕፃኑን አቅፋ ወንዙ እስኪጐድል ትጠብቃለች።

የካህን ማነስ የዛሬ ብቻ አይደለም። ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ የሚመጣው ከግብፅ ነበረ፤ ዲቁናና ቅስና የሚሰጥም እርሱ ነበረና፥ በሞተ ጊዜ ሌላ እስኪመጣ ድረስ የሚሾም አልነበረም። ኢትዮጵያውያን ኤጲስ ቆጶሳት የተሾሙት በ1921 ዓ.ም. ነው። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን፥ ካህናት ይተዳደሩበት የነበረው የቤተ ክርስቲያን መሬት ቀረ። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ብዙ ሰዎች ከወሎ መጥተው በአሶሳ ዙሪያ ሰፈሩ። ከእነርሱ ክርስቲያን የሆኑት ሃይማኖታቸውን ይዘው መጡ፤ የቅኔውና የዜማው ጉባኤ ቤቶች ግን በደጋው ቀሩ።

አንዳንድ ሰዎች፥ «ከጎጃምና ከጎንደር ካህናት በደመወዝ ይላኩ» ይላሉ። ምክሩ ግማሹ እውነት ነው። ነገር ግን የጉሙዝ አሮጊት ንስሐ ልትገባ ብትመጣ፥ ካህኑም ቋንቋዋን ባያውቅ፥ ኃጢአቷን በአስተርጓሚ ትናገራለችን? በርታውም ሺናሻውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ካህኑ ከመንደሩ ልጆች መካከል መውጣት አለበት።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቱ። ሕዝቡ ለጣራ ገንዘብ ያዋጣል፤ ለተማሪ ግን አያዋጣም። በደጋው የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኵፋዳውን ይዞ ከቤት ወደ ቤት እየለመነ ይማራል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ግን በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ መሠረት ከመቶ ሰው 45 ያህሉ ሙስሊም ሲሆን፥ ኦርቶዶክሱ 33 ያህል ነበረ። የሙስሊሙ ጎረቤት ለራበው ልጅ ገንፎ አይነፍግም፤ ዳሩ ግን ካህን የማሳደግ ዕዳ የእርሱ አይደለም፥ የምእመናኑ ነው። ደግሞም አንድ ልጅ ፊደል ቈጥሮ፥ ዳዊት ደግሞ፥ ግብረ ዲቁና እስኪያውቅ ድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ መብላት አለበት።

ሠላሳ ቤት ያለበት መንደር በመከር ጊዜ ከየቤቱ አንድ አንድ ቁና ማሽላ ቢሰፍር፥ አንድ መምህርና ሁለት ልጆች ክረምቱን በዚያ ይከርማሉ። ቆርቆሮው ለከርሞ ይቈይ።