አውሮፕላኑስ ሜዳ አገኘ፤ ህዝቡ የት ይረፍ?

ኤርፖርት የሚጠላ የለም። ከነገሌ ቦረና አዲስ አበባ ለመድረስ 600 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና የተንገላታ ሰው «አውሮፕላን አያስፈልገኝም» ቢል ውሸቱን ነው። ስለዚህ «ፀረ ልማት» የምትባለዋን ያረጀች ታርጋ ይዛችሁ የተዘጋጃችሁ ካድሬዎች ትንሽ ታገሱን። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ከአውሮፕላኑ ስር የሚኖረውን ሰው ማን ጠየቀው?

ያቤሎ በ2017 ዓ.ም. ኤርፖርቷ ተመርቆላታል። ነገሌም ከሚዛን አማን፣ ከጎሬ መቱና ከደብረ ማርቆስ ጋር አዲስ ኤርፖርት ከተመደበላቸው ከተሞች ተርታ ገብታለች። እሰየው! ግን ከሪባኑና ከጭብጨባው መሀል ስለ ጩኸትና ስለ ጭስ ሲነገር የሰማ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ!

«አንዲት አውሮፕላን መጥታ ብትሄድ ምን ትጎዳለች?» ይሉን ይሆናል። ቦሌስ እንዴት ጀመረና! ከልደታ ሜዳ ወደ ቦሌ ሲዛወር ቦታው ከከተማው ዳር ነበር። ከዚያ መሬቱ ተሸነሸነ፣ ከተማው ኤርፖርቱን ከበበው። ዛሬ ቦሌ ሚካኤል ያለ ሰው ጄት በጣራው ሲያልፍ ወሬውን አቋርጦ ይጠብቃል። ቦሌ መስፋፊያ ሲያጣ ደግሞ መንግስት ቢሾፍቱ አጠገብ በ12.5 ቢሊዮን ዶላር ሌላ ጀመረ፤ ለዚያም 2,500 ያህል አባወራ ተነሳ። ቀድሞ ያልታሰበበት ነገር ሂሳቡ ይሄ ነው። የሚከፍለውም ድሃው ነው።

ጩኸት ቅንጦት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2018 የአውሮፕላን ድምፅ በአማካይ ከ45፣ ሌሊት ከ40 ዴሲቤል በታች ይሁን ብሏል። ከዚያ ካለፈ እንቅልፍ ይነሳል፤ የተማሪን ንባብም ይጎዳል። ፍራንክፈርት እንኳ ያን ሁሉ ገበያ ይዞ ከ2011 ጀምሮ ከሌሊቱ 5 እስከ 11 ሰዓት መደበኛ በረራ አያስተናግድም። የጀርመን ህፃን ይተኛ፤ የነገሌው ይባንን?

ጭሱና ነዳጁስ? የጄት ጭስ ሳንባ የሚገባ ደቃቅ ብናኝ ይተፋል። ዘይትና ነዳጅ ከጠበጠበበት አስፋልት የሚወርደው ጎርፍስ ወዴት ነው የሚሄደው? ቦረና እኮ ከብቱን ከኩሬና ከኤላ የሚያጠጣ፣ በድርቅ መንጋው ያለቀበት አገር ነው!

ህግ የለም እንዳይባል፣ ሞልቶናል። ህገ መንግስቱ በአንቀፅ 44 ንፁህና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተፅእኖ ጥናት ለህዝብ ክፍት ይሁን፣ አስተያየትም ይሰብሰብበት ይላል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ ጣሪያ እንዲወጣ ያዛል። ታዲያ ህጉ ለመደርደሪያ ማሳመሪያ ነው የወጣው?

የደቡብ ቆላ በዚህ ነገር አንዴ ተነክሷል። አርባ ምንጭ ኤርፖርት የአሜሪካ ድሮን ሰፍሮበት እንደነበር አገሬው በይፋ ያወቀው በጥቅምት 2004 ዓ.ም. ዋሽንግተን ፖስት ሲፅፍ ነው። በገዛ ጣራችን ላይ የሚበረውን ከባህር ማዶ ጋዜጣ ማንበብ ምን የሚሉት ውርደት ነው?

ጥያቄያችን ሶስት ነው። የነገሌ ኤርፖርት የተፅእኖ ጥናት በአማርኛና በኦሮምኛ ይውጣ። አውሮፕላን በሚነሳበትና በሚያርፍበት መስመር ስር ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የመኖሪያ ቦታ መምራት ከወዲሁ ይከልከል። ለሚነሳው አርብቶ አደር ከካሳው ጋር የከብት መንገዱና ውሃው ይጠበቅለት።

ለሹማምንቱም አንድ ነገር እናስታውስ። በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ የነበሩ ወታደሮች የውሃና የምግብ አቤቱታቸው ሰሚ ሲያጣ አዛዦቻቸውን አሰሩ። የተከተለውን አገር ያውቀዋል። እኛ ዛሬ የምንጠይቀው አመፅ አይደለም፤ አንድ ጥራዝ ወረቀት ነው። ጥናቱ ካለ አውጡት! ከሌለም የለም በሉን! ሳይቃጠል በቅጠል ነው።