«አዲሳባ ብቻዬን? ኧረ እኔ አልችልም!»

የዛሬዋ ደብዳቤ የመጣችው ከወደ ድሬ ነው። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይጠቀስ አደራ ስላለች ስሟን ትተን፣ ደብዳቤዋንም ትንሽ አሳጥረን እነሆ ብለናል።

«ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። ኮሌጅም የተማርኩት እዚያው ከቤቴ እየተመላለስኩ ነው። በአካውንቲንግ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። አሁን አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። ቀኑ የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። ታላቅ ወንድሜ ይዞኝ ሊሄድ ነበር፣ ሥራው አልፈቀደለትም። እኔ ደግሞ ሐረር እንኳ ብቻዬን ሄጄ አላውቅም! አዲሳባን ሳስብ ልቤ ድው ድው ይላል፣ እጄን ያልበኛል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ብጠፋስ? ብዘረፍስ? ታክሲ ውስጥ ግራ ሲገባኝ ሰው ቢስቅብኝስ?

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። አምናም እንዲሁ ተጠርቼ ነበር። በዋዜማው ‹ትኩሳት ያዘኝ› ብዬ ተኛሁ። ትኩሳት አልነበረኝም። እማዬ ሌሊቱን ሙሉ ጨርቅ እያራሰች ግንባሬ ላይ ስታደርግ አደረች። ያን ሌሊት ሳስበው እስከዛሬ አፍራለሁ። አሁንም ያው ሃሳብ እየመጣብኝ ነው። እማዬ ከኔ ሌላ ቤት ውስጥ ሰው የላትም፤ ‹አንቺ ካለሽልኝ እንጀራ የትም አለ› ትለኛለች። ልሂድ ወይስ ልቅር? አቦ የሚሆነኝን ምከሩኝ!»

እህታችን፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ ነው ያነበብነው። መጀመሪያ አንድ ነገር... የድሬ ልጅ «ሰው ይስቅብኛል» ብላ ስትፈራ ስንሰማ ይሄ የመጀመሪያችን ነው! ቀልዱ ይቆየንና ወደ ቁም ነገሩ እንግባ።

«ፈሪ ለእናቱ» ይባላል አይደል? ፈሪ ከአደጋ ተርፎ ለእናቱ ይኖርላታል ለማለት ነው። ግን እስቲ ልብ በይ፤ ያን ሌሊት ፍርሃትሽ ለእናትሽ ምን ጠቀማት? ጨርቅ ስታርስ አደረች እንጂ! የቀረሽው ለእሷ ብለሽ ሳይሆን ፈርተሽ ነው። ይህን የምንልሽ ልናሳፍርሽ አይደለም፤ ሁለቱን እንድትለዪ ነው። አስበሽበት «እናቴን ትቼ አልሄድም፣ ድሬ ሥራ እፈልጋለሁ» ብትዪ ክብር ያለው ውሳኔ ነው። በውሸት ትኩሳት የሚቀር ሰው ግን ራሱ አልወሰነም፤ ፍርሃቱ ነው የወሰነለት።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ስለ ፍርሃት ደጋግመው የሚሉት ነገር አለ። ፍርሃት በሸሹት ቁጥር ያድጋል! አምና መቅረትሽ ሲረጋገጥ ለጊዜው ቅልል ብሎሽ ይሆናል። ተንኮለኛው እሱ ነው። «አየሽ፣ መቅረት ነው መዳኛው» ብሎ ያስተምርሻል፤ ዘንድሮ ደግሞ አፈር ልሶ ይነሳል። ስለዚህ «ፍርሃቴ ሲለቀኝ እሄዳለሁ» ብለሽ አትጠብቂ። ከነፍርሃትሽ ሂጂ። ልብሽ ድው ድው ሲል ትንፋሽሽን በረጅሙ፣ ቀስ እያልሽ አስወጪ። ስሜቱ ጥቂት ቆይቶ ራሱ ይበርዳል። ጉዞ ሳይኖርብሽም እንዲህ የሚያደርግሽ ከሆነ ግን ሐኪም ማማከር ነውር የለውም።

ደግሞስ ሦስት ሳምንት አለሽ እኮ! በመጀመሪያው ሳምንት ብቻሽን ሐረር ሂጂ። ቅርብ ናት። ሻይሽን ጠጥተሽ ተመለሺ። በሁለተኛው ሳምንት ድገሚውና ጀጎል ውስጥ ግቢ። እነዚያ ቀጫጭን መንገዶች ያሳስቱሻል፤ ያሳስቱሽ! ሰው ጠይቀሽ ውጪ። «መጥፋት» ማለት አምስት ደቂቃ ግራ ተጋብቶ ሰው መጠየቅ መሆኑን በእግርሽ ትማሪያለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዞ። የሚያስፈራሽ አዲስ አበባ ሁሉ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ናቸው። እነሱን አስቀድመሽ ካሰናዳሽ ሌላው ይቀላል።

መንገዱ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ቀንሽን ይወስደዋል። ስለዚህ በንጋት የሚነሳ አውቶቡስ ያዢ፤ ሳይመሽ መድረስ ግማሹን ፍርሃት ይቀንሳል። የመንገዱን ሰላም ጠይቀሽ ተነሺ። ትኬት ስትቆርጪም «የት ነው የምታወርዱን?» በይ። ባቡር ካሰብሽ ደግሞ፣ ሽማግሌዎች የሚያወሩልሽ የለገሃር ጣቢያ መሀል ከተማ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ ባቡር ግን የሚያወርድሽ ከከተማው ዳር፣ ፉሪ ለቡ ነው። ከቃለ መጠይቁ ሁለት ቀን ቀድመሽ ድረሺ። በማግስቱ እስከ መሥሪያ ቤቱ በር ሄደሽ እዪው። የፈተናው ዕለት መንገድ ፍለጋ ላይ መሆን የለብሽም።

አልጋ ከድሬ ሳትነሺ በስልክ ያዢ። ወንድምሽ አዲሳባ የሚያውቀው ሰው አይጠፋምና ለመሥሪያ ቤቱ የሚቀርብ፣ ደህና ቤት ያጠያይቅልሽ። መነኸሪያ ላይ «እህት፣ አልጋ ላሳይሽ?» ወይም «ሥራ ፈልገሽ ነው?» እያለ ሻንጣሽን የሚቀበልሽን ሰው አመስግነሽ እለፊው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ገንዘብሽን ሁለት ቦታ ክፈዪው። ታክሲ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጠሽ ስልክ አትነካኪ። አንዱ «ልብስሽ ቆሸሸ» ብሎ ሊጠርግልሽ ከተጠጋ የጓደኛው እጅ ቦርሳሽ ውስጥ ሊሆን ይችላልና ቦርሳሽን እቀፊ።

ወያላው «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ብሎ ሲጮህ አትደንግጪ፤ ፓስፖርት አይጠይቅሽም። የሰፈር ስም ነው። መውረጃሽ ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ማለት ብቻ ነው። አዲሳባ ውስጥ አቅጣጫ የሚነገረው በመንገድ ስም ሳይሆን በአደባባይ፣ በሕንፃ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ነው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱን አድራሻ ብቻ ሳይሆን «ከምን አጠገብ ነው?» ብለሽ በስልክ ጠይቂና ጻፊው። የጠየቀ አይሳሳትም። ስትጠይቂ ደግሞ ባለሱቅ ወይም ትራፊክ ፖሊስ ይሻልሻል። ከደከመሽ ራይድ ወይም ፈረስ ጥሪ፤ ብቻ ሳትገቢ የታርጋውን ቁጥር አመሳክሪ።

ሹራብም እንዳትረሺ! አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአንቺ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ። እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ከፍርሃት ይሁን ከብርድ እንዳይምታታብሽ።

የመጨረሻው ምክራችን ግን ስለ እናትሽ ነው። ከመሄድሽ በፊት የአምናውን ትኩሳት እውነቱን ንገሪያት። ትቆጣ ይሆናል፤ ወይም ያኔውኑ አውቃው ይሆናል... እናት አይደለች? ከዚያ «ስሳፈር፣ ስደርስና ማታ ማታ እደውልልሻለሁ» ብለሽ ቃል ግቢላት። በየሰዓቱ መደወል ግን ፍርሃቷንም ፍርሃትሽንም ይቀልባል።

እስቲ ደግሞ ይሄን አስቢ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም ሲደርስ ነው ድሬ ከተማ መሆን የጀመረችው። ከየአቅጣጫው ሻንጣና ጓዙን ይዞ የመጣ እንግዳ ነው ያቆማት። «የት ነው የማድረው?» ብለው ከጠየቁ ሰዎች ነው የአንቺ ከተማ የተሠራችው።

ሥራውን ብታገኚ እሰየው! ባታገኚም ሄዶ ማጣትና ተኝቶ ማጣት አንድ አይደለም። የሄደ ሰው ለሚቀጥለው ጊዜ መንገዱን ያውቃል። ስትመለሺ «ሄጄ መጣሁ» ብለሽ ጻፊልን፤ ከሥራው ውጤት በፊት መስማት የምንፈልገው እሱን ነው። መልካም መንገድ!

ውድ አንባብያን፣ ለሳምንት ሰው ይበለን።